የልጅ ትኩሳት መድኃኒት በማንኪያ ግምት አይሰጥም

በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ለወላጆችና ለልጅ አሳዳጊዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን የምታሳድጉ አያቶች፣ እንዲሁም የሰው ልጅ በአደራ ተቀብላችሁ የምትውሉ ሞግዚቶች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የምንነጋገረው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ስለማይጠፋ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጥ፣ ጣፋጭ ስለሆነና ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚዋዋሰው ብዙዎቻችን «ቀላል መድኃኒት» እንለዋለን። በልኩ ከተሰጠ በእርግጥም ለሕፃናት ካሉን መድኃኒቶች መካከል ደህንነታቸው በረጅም ዘመን አጠቃቀም ከተመሰከረላቸው አንዱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀላል መባሉ ስለ መጠኑ መጠየቅን ማስረሳቱ ነው። ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ዘወትር የምሰማው «ለልጅ ትኩሳት የሚሆን ሽሮፕ አላችሁ?» የሚለውን ነው፤ «ልጄ አሥራ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህኛው ጠርሙስ ስንት ሚሊ ሊትር ልስጠው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሁላችሁም ጠያቂ እንድትሆኑ እፈልጋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ትኩሳት ራሱ ጥቂት ልበል፤ መድኃኒቱን ካለልኩ የሚያሰጠን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነውና። የሕፃን የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሆን ትኩሳት አለው እንላለን። ትኩሳት ሰውነት ከበሽታ አምጪ ተህዋስያን ጋር ሲታገል የሚያሳየው ምላሽ ስለሆነ፣ ማስታገሻ የምንሰጠው የተጨነቀው ልጅ እንዲያርፍ፣ ፈሳሽና ምግብ እንዲወስድ፣ እንቅልፍም እንዲተኛ ብለን ነው፤ ቴርሞሜትሩ ላይ የምናየውን ቁጥር የግድ 37 ለማድረግ መሯሯጥ አይገባንም። ሙቀቱ 38.5 ሆኖ የሚጫወትና ጡት የሚጠባ የአንድ ዓመት ልጅ ማስታገሻ ላያስፈልገው ይችላል፤ ሙቀቱ ከ38 ብዙም ያላለፈ፣ ነገር ግን ጆሮውን አሞት የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ ያስፈልገዋል። እፎይ ብሎ የተኛን ልጅም «ሰዓቱ ደርሷል» ብሎ ለሽሮፕ መቀስቀስ አያስፈልግም። በዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ አንዳንድ ሕፃናት ላይ ከትኩሳት ጋር ተያይዞ የሚመጣው መንቀጥቀጥ እናቶችን ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን የሚባለው ሌላው የትኩሳት ማስታገሻ ይህን መንቀጥቀጥ አስቀድሞ እንደማያስቀር ግን ታውቋል። ስለዚህ «እንዳያንቀጠቅጠው ትንሽ ልጨምርለት» ተብሎ የሚጨመረው መጠን ልጁን ከመንቀጥቀጥ ሳይጠብቀው ጉበቱን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ሙቀትን በእጅ ዳሶ መወሰንም አያስተማምንም። በሐምሌ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ልብስ ስታጥብ ቆይታ እጇን የጠራረገች እናት የምትዳስሰው ግንባር ሁሉ ያተኩሳል። ዲጂታል ቴርሞሜትር በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል፤ ከብብት ሥር ክንዱን ገጥማችሁ ድምፅ እስኪያሰማ መያዝ ብቻ ነው። በብብት የሚለካው ከውስጠኛው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ብሎ እንደሚነበብ ግን አትርሱ።

በቤታችን የለመድናቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ያተኮሰውን ልጅ በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍነዋል። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ደግሞ ያንቀጠቅጠውና ያስጨንቀዋል። አረቄ ወይም አልኮል በሰውነቱ ላይ ማሸት በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሰውነቱ ስለሚገባ ሕፃኑን ሊመርዘው ይችላል፤ ፈጽሞ አታድርጉት። «ምች መትቶት ነው» ተብሎ የሚጨመቀውን ዳማከሴ በተመለከተ፣ አያቶቻችን ለራሳቸው ሲጠቀሙበት የኖሩትን ነገር ለማጣጣል አልመጣሁም። ሆኖም የጨቅላ ሕፃን አፍንጫና አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጭማቂ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ መጠኑም የሚታወቅ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን ሰዓት ይበላል። «ጥርስ እያበቀለ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጥርስ ድድን ያሳምማል፣ ልጋግ ያበዛል፣ 39 የሚደርስ ትኩሳት ግን አያመጣም፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የፓራሲታሞል መጠን የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በሁለት ጊዜያት መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም 6 ሰዓት ማለፍ ይኖርበታል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። ዕድሜ የሚጠቅመን ክብደቱን ካላወቅን ለመገመት ያህል ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች አንዱ 9 ኪሎ፣ ሌላው 14 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ለክትባት የሄዳችሁበት ጤና ጣቢያ ልጁን መዝኖ ካርዱ ላይ ጽፎላችኋል፤ ከክትባቱ ዕድሜ ያለፈ ከሆነም በየመንገዱ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ልጁን ታቅፎ መመዘን፣ ከዚያም ብቻን መመዘንና ልዩነቱን መውሰድ ይቻላል።

ክብደቱን ማወቅ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚወለደውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ። በከተማችን መድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው የፓራሲታሞል ፈሳሽ አንድ ዓይነት አይደለም። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ አለ። በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም የያዘም አለ። ለጨቅላ ሕፃናት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ ከነጠብታ ማንጠባጠቢያው የሚመጣው ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ይይዛል። አሁን 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እናስብ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። ከመጀመሪያው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ቢወስድ 120 ሚሊግራም አገኘ፤ ልክ ነው። ከሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው 250 ሚሊግራም ወሰደ፤ ይህ ከሚገባው በላይ ነው፤ ከዚያኛው የሚበቃው 2.5 ሚሊ ሊትር ነበር። ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው ግን 500 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ ትልቅ ሰው የሚውጠውን ሙሉ ፍሬ ያህል ወሰደ ማለት ነው፤ ይህ በቀን አራት ጊዜ ሲደጋገም ጉበትን የሚጎዳ መጠን ላይ ይደርሳል። ከጠብታው የሚያስፈልገው 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ጠብታው «ለሕፃን» ስለተባለና ጠርሙሱ ስላነሰ ቀለል ያለ ይመስላል፤ እንዲያውም ከሁሉ የጠነከረው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት «አምስት አምስት ስጪው» ያላችሁ መጠን ለዚያ ጠርሙስ ብቻ የተነገረ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ፋብሪካ ያመረተውን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሚሊግራም እንደገና አንብቡ፤ ማንበቡ ካስቸገራችሁም የሸጠላችሁ ሰው እንዲያሰላላችሁና በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ይህ ውለታ መለመን አይደለም፤ ባለሙያው ሊያደርገው የሚገባ የሥራው አካል ነው።

መለኪያውንም እንይ። የቤታችን የሻይ ማንኪያ አንዱ 3 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 6 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል፤ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል። በጥድፊያ መካከል አንደኛዋ አሳዳጊ በሻይ ማንኪያ የሰጠችውን ሌላዋ በሾርባ ማንኪያ ብትሰጥ መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆነ። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ መለኪያ ወይም ከዚያ የተሻለውን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ጠርሙሱን በሚገባ ናጡት፤ በተለይ አይቡፕሮፌን ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሳይነጥ ከተሰጠ ላይ ላዩ ውኃማ፣ መጨረሻው ደግሞ የተከማቸ ይሆናል። ሲሪንጁን ወደ ጉንጩ የውስጥ ጎን አስጠግታችሁ በቀስታ ግፉት፤ ቀጥታ ወደ ጉሮሮው አትርጩት፤ አፍንጫውን ይዛችሁም አታስውጡት። ሰጥታችሁት ወዲያው ካስመለሰው፣ ማለትም መድኃኒቱ ከነመልኩ ከወጣ፣ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካስመለሰው ግን አትድገሙ፤ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ።

ስለ ሰዓት ደግሞ የኛ አቆጣጠር ያግዘናል። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኖ ይገጥማል፤ ለማስታወስ የሚቀል ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ቤት ልጁን የሚይዘው አንድ ሰው አይደለም። እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ጠዋት ሰጥታ ትወጣለች፤ ሞግዚቷ አልሰማችም ነበርና ከረፋዱ ትሰጣለች፤ አያት ከሰዓት መጥታ «ገላው ይፋጃል» ብላ ትሰጣለች፤ አባት ማታ ሲገባ ይደግማል። አራቱም ለልጁ አስበው ነው፤ አንዳቸውም ግን የሌላውን አላወቁም። ወረቀት ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ወይም መድኃኒቱ ያለበት መሳቢያ ላይ ለጥፉና የሰጠው ሰው ሰዓቱንና ሚሊ ሊትሩን ይጻፍበት። ይህ ብዙዎች ትንሽ ነገር አድርገው የሚያዩት ልማድ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ከምለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መደራረብ በሌላ መንገድም ይመጣል። ለጉንፋንና ለሳል ተብለው የሚሸጡ ብዙ ሽሮፖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው። ልጁ ለትኩሳቱ አንዱን፣ ለጉንፋኑ ሌላውን ሲወስድ ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወሰደ። የጉንፋን ሽሮፖች ለትንንሽ ሕፃናት ጥቅማቸው ያልተረጋገጠ፣ ጉዳታቸው ግን የታወቀ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ አሳስቧል። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን በሻንጣ የሚያመጡልን ነገርም አለ። ታይሌኖል ተብሎ ካርቶኑ ላይ አሴታሚኖፈን የተጻፈበት መድኃኒት ያው ፓራሲታሞል ነው፤ የልጆቹ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊግራም ስለሚይዝ ከኛው 120 የበለጠ ጠንካራ ነው። ሞትሪንና አድቪል የሚባሉት ደግሞ ሁለቱም አይቡፕሮፌን ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር መስጠት አይገባም።

አይቡፕሮፌን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከፓራሲታሞል ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 6 ወር ላልሞላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ከምግብ ጋር ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ልጆቻችን ተቅማጥና ትውከት በሚበዛባቸው ጊዜ አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ሰውነቱ ፈሳሽ ባጣበት ሰዓት ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ያን ጊዜ ፓራሲታሞልና ኦአርኤስ የሚባለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይበቃል። የጉድፍ በሽታ የያዘው፣ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ወይም አስም ኖሮት ከዚህ ቀደም በዚህ መድኃኒት ደረቱ የታፈነ ልጅም አይወስደውም። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ላይ መስጠትን አልመክርም፤ በአንዱ ጀምሩ፤ ልጁ ካልተሻለው ባለሙያ ጠይቁ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ጉንፋንና ጉድፍን ከመሰሉ የቫይረስ በሽታዎች ጋር ሲገናኝ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ብርቱ በሽታ እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል። ለትልቅ ሰው ወገብ የታዘዘ ዲክሎፌናክም፣ በመቀመጫ የሚገባውን ጨምሮ፣ ለሕፃን ትኩሳት የሚሆን አይደለም።

ከየት እንደምትገዙም ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ፣ በዚያው ዓመትም በኢንዶኔዥያ በርካታ ሕፃናት በተበከለ ሽሮፕ ምክንያት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ፤ በኢንዶኔዥያ ብቻ የሞቱት ከ200 በላይ ነበሩ። ምክንያቱ ዳይኤትሊንና ኤትሊን ግላይኮል የሚባሉ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች በማሟሟያው ውስጥ መገኘታቸው ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እነዚህ ኬሚካሎች ጣዕማቸው ጣፋጭ ስለሆነ በምላስ አይታወቁም። ስለዚህ ሽሮፕ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ወይም መድኃኒት መደብር ብቻ ይገዛ፤ የከተማው አስተዳደር በሚያስተዳድራቸው ከነማ መድኃኒት ቤቶችም ይገኛል። ማሸጊያው የተነካ፣ የአምራቹ ስምና የምርት ቁጥር የሌለበት፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ከሱቅ መደርደሪያ በሳሙናና በዘይት መካከል ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ አትግዙ። ማንኛውንም ሽሮፕ የወሰደ ልጅ ሽንቱ በጣም ከቀነሰ ወይም ከቆመ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ማስታገሻ በቤት ሰጥቶ መጠበቅ የማይገባባቸው ጊዜያት አሉ። ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ሙቀቱ 38 ከደረሰ መድኃኒት ሳትሰጡ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳቱ የከባድ ኢንፌክሽን ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሽሮፑ ያንን ምልክት ይሸፍነዋል። በማንኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ መጠጣት ወይም መጥባት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ትኩሳቱም ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ካልለቀቀው እንዲሁ። አንድ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው የሚዘነጋው አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚልቅ ደጋ ስለሆነች ወባን እንረሳለን። ልጁ በቅርብ ሳምንታት ዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ ወርዶ ከነበረ፣ መተሐራም ይሁን ጋምቤላ፣ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል እያበረዱ መሰንበት አይቻልም፤ ደሙ ዛሬውኑ ይመርመር፤ ለሐኪሙም የሄደበትን ቦታ ሳይጠየቅ ንገሩት። ከክትባት በኋላ የሚመጣ መጠነኛ ትኩሳት ግን የተለመደ ነው፤ ሲመጣና ልጁን ሲያስጨንቀው በልኩ ማስታገስ ይቻላል፤ ከክትባቱ በፊት «ለጥንቃቄ» ብሎ መስጠት አያስፈልግም።

በመጨረሻ ከመጠን በላይ ስለመውሰድ። ሽሮፑ ጣፋጭና ባለቀለም ነው፤ ልጁ እንዲወስድ ለማባበል «ከረሜላ ነው» ብላችሁ አትስጡት፤ ነገ ብቻውን ሲያገኘው እንደ ከረሜላ ይጨርሰዋል። ከእጅ ቦርሳና ከአልጋ ራስጌ አርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡት። ብዙ እንደወሰደ ካወቃችሁ፣ ወይም ጠርሙሱ ጎድሎ አግኝታችሁ ከጠረጠራችሁ፣ እስኪያመው አትጠብቁ። በፓራሲታሞል የተመረዘ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሆን፣ ወይም ጥቂት አስመልሶት ብቻ ሊያልፍ ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚሠራው መርዙ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ስለዚህ ልጁ እየሳቀ ቢሆንም ሄዳችሁ ማስመርመር አለባችሁ። በጣት እያስመለሳችሁ፣ ወተት ወይም ዘይት እየጋታችሁ ጊዜ አታባክኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ታክሲ ከቀረበላችሁም በታክሲ ሂዱ። የልጁን ክብደት፣ መቼ እንደወሰደና ምን ያህል እንደጎደለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ጠርሙሱንም ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያሰላው ከዚያ ላይ አንብቦ ነው።